በሦስተኛው መስመር ላይ የተውሁት ስም

የዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሦስት እንግዶች እነማን ነበሩ?

እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ክፍል ስል ግድግዳና በር ያለውን ማለቴ አይደለም፤ ሰዎች በስልክና በኮምፒውተር የሚጻጻፉበት የቻት ክፍል ነው። ስም አልነበራቸውም። እንግዳ አንድ፣ እንግዳ ሁለት፣ እንግዳ ሦስት ይላል፤ ከየጎናቸው አረንጓዴ ነጥብ። ነጥቡ ሰውየው አሁን አለ፣ እያነበበ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ከፍቶት ትቶት ሄዷል ማለትም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ነጥቡ አይናገርም።

የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል ስቀመጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ የኋላ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ ዴስኩን እየገፋ። ማንበብ ግን ከዚያ በፊት ዐውቅ ነበር። አባቴ ዘጌ ላይ ብራና ጸሐፊ ስለነበሩ ፊደል የለየሁት እሳቸው ሲጽፉ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ስሕተት ሲገኝበት አንድ ቃል ይሰማዋል፤ «ድሮም» የሚል። ድሮም እኮ ዘግይታ ነው የተማረችው። ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እኔ ግን ሁልጊዜ እሰማዋለሁ፤ ስለዚህ የጻፍሁትን ሁሉ ሦስት ጊዜ አነባለሁ።

ከቻት ጋር ያገናኘኝ ሥራዬ ነው። የተማሪዎች ጥያቄ በሁለት ዓይነት ቻት ይመጣብን ነበር፤ አንዱን ስመልስ ሌላው ይጠፋኛል። ሁለቱን የሚያገናኝ ፕሮግራም ስፈልግ አገኘሁ። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ነው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የወደደ ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል። ሥራው ቀላል ነው። በአንድ ክፍል የተጻፈውን መልእክት ተቀብሎ ወደ ሌላው ያደርሳል፤ ታንኳ ከዘጌ ሰው ይዞ ባሕር ዳር እንደሚያወርድ። በልቤ አሻጋሪው እለዋለሁ።

የአጠቃቀም መመሪያው ግን የተንጋደደ ነበር። ለፕሮግራሙ ኀላፊ፣ ፊቱን አይቼው ለማላውቀው የሩቅ አገር ሰው፣ ያገኘሁትን ስሕተት በተራ ቁጥር ጽፌ ላክሁለት። ካየሽው ለምን አታስተካክይውም ብሎ መለሰልኝ። እንዲህ ነው የተጀመረው። ከዚያ ወዲህ ዓመታት ሆኑ፤ መመሪያውን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ኋላም የአማርኛውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ጻፍሁት።

አሁን ስለ አባቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የጸሎት መጽሐፍ ሲጽፉ የባለቤቱ ስም የሚገባበትን ቦታ ባዶ ይተዉታል። መጽሐፉን የሚወስደው ሰው መጥቶ የክርስትና ስሙን ሲነግራቸው በቀይ ቀለም ይሞሉታል። አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ ሌላ ጸሐፊ የጻፈለትን መጽሐፍ ይዞ መጣ። ማንበብ አይችልም፤ ሰው እያስነበበ ነበር የሚጸልየው። ሦስት ዓመት ሙሉ «ማረው፣ ጠብቀው» የተባለው ሌላ ሰው ኖሯል፤ ጸሐፊው ከገለበጠበት መጽሐፍ የፊተኛውን ባለቤት ስም እንዳለ ወስዶት። እኔ ልጅ ነበርሁ፣ ሳቅሁ። አባቴ አልሳቁም። ገልባጭ ያየውን ይገለብጣል አሉ፤ ጥፋቱ ስሙን እዚያ የተወው ሰው ነው።

ይህን እያወቅሁ ነው ያጠፋሁት።

በመመሪያው ውስጥ ለጀማሪ የሚሆን ምሳሌ አለ፤ ሦስት መስመር ነው። የመጀመሪያው የፕሮግራሙን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሁለተኛው መልእክቱ ከየት እንደሚነሣ፣ ሦስተኛው ወዴት እንደሚደርስ ይናገራል። ሦስተኛውን ባዶ ስተወው ፕሮግራሙ አልነሣም አለ። ጀማሪ ሰው በመጀመሪያው ሙከራ አልነሣም ሲለው ምን እንደሚሰማው ዐውቃለሁ። የማይሠራ ምሳሌ ደግሞ ለእኔ ውሸት ነው። ስለዚህ እኔ ራሴ ለሙከራ የከፈትሁትን፣ ማንም ገብቶ ሊያየው የሚችለውን ክፍል ስም አስገባሁበት። በራስዎ ክፍል ስም ይተኩት የሚለውን ከታች፣ ከሁለት አንቀጽ በኋላ ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ ሞከርሁት። ሠራ። ደስ አለኝ።

ስምንት ወር ያህል ያንን ክፍል አልከፈትሁትም።

ቤተ መጻሕፍቱ ለምሳ ተዘግቶ ነበር። አዲስ የወጣውን የፕሮግራሙን ቅጂ ልሞክር ብዬ ገባሁ። ባዶ ይሆናል ብዬ የጠበቅሁት ክፍል በአማርኛ ተሞልቷል። መጀመሪያ የሰው ቀልድ መሰለኝ። የቀጠሮ ቀን ይላል፣ የኪኒን ስም ይላል፣ እንዴት አደራችሁ ይላል። ወደ ላይ እየገፋሁ ስሄድ ገባኝ። ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ማኅበር ነው። መራዊ ያለው ቢሯቸው በኮምፒውተር የሚጽፈውን አባላቱ በስልካቸው እንዲያዩት አሻጋሪውን ተክለዋል። ምሳሌዬን ገልብጠው፣ የኔን ሦስተኛ መስመር ሳይነኩ፣ የራሳቸውን ክፍል ከሥሩ በአራተኛ መስመር ጨምረውበታል። መልእክቱ ለነሱም ይደርሳል፣ ለኔም ይደርሳል። እነሱ ጋ የጎደለ ነገር ስለሌለ ምኑን ይጠርጥሩት?

ማቆም ነበረብኝ። አላቆምሁም፤ አነበብሁ። ከዚያ ይህን አየሁ፦ «ሹም አቦ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያሉት ልብስ ሰፊ እናታችን በዚህ ወር መድኃኒት አልወሰዱም። ቅርብ ያላችሁ ጠይቁልኝ። ምራታቸው ስለማታውቅ ቤት ድረስ አትሂዱ።»

የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ነው። ቀሚሴን የሚሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። በእግራቸው የሚሄዱበት ጤና ጣቢያ እያለ በአውቶቡስ መራዊ ድረስ የሚሄዱት ማንም እንዳያያቸው ነው። እኔ አየኋቸው፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ።

ሦስቱን አረንጓዴ ነጥቦች ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው። እናንተ እነማን ናችሁ ብዬ ጻፍሁና ሳልልከው አጠፋሁት። እያየሁ አንደኛው ነጥብ ጠፋ። አይቶኝ ነው የሄደው? አንብቦ ጨርሶ ነው?

ክፍሉን ዘጋሁት። የነበረውን መልእክት በሙሉ ደመሰስሁ። ደምስሼ ስጨርስ እንግዶቹ እነማን እንደነበሩ ሊጠቁም የሚችለውንም አብሬ እንደደመሰስሁ ገባኝ። ከመመሪያው ላይ ስሙን አውጥቼ ቦታውን ባዶ አደረግሁ።

እኛ ዘንድ ማንኛውም ለውጥ ለምን እንደተለወጠ ከጎኑ ይጻፋል። የኔ ማስታወሻ ረጅም ነው፤ ኀላፊው ከኮዱ ማስታወሻሽ ይበልጣል እያለ ይቀልድብኛል። ያን ቀን የጻፍሁት ሁለት ቃል ነው፤ «ምሳሌው ተስተካክሏል።» እሱም ዓይንሽ ጥሩ ነው ብሎ አጸደቀው።

በማግስቱ የእርዳታ ገጻችን ላይ በአማርኛ ጥያቄ ተለጥፎ አገኘሁ። ነርስ ነኝ ትላለች፤ ኮምፒውተር አልተማርሁም፣ መመሪያውን እያየሁ ነው የተከልሁት፤ ከትናንት ጀምሮ አንዱ ክፍል መልእክት አልቀበልም እያለ ነው፤ ምን አጠፋሁ? ብላ ጠየቀች።

ሦስተኛውን መስመር ያጥፉት፣ አያስፈልግም ብዬ መለስሁላት። እግዜር ይስጥልኝ እህቴ አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት አድርጌ ልጻፋቸው? ሥራ እገባለሁ፣ መጽሐፍ አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር አንዱ እንግዳ ያየውን ለጥፎት ይሆናል እላለሁ። በወፍጮ ቤቱ በኩል ማለፍ ፈራሁ። አለማለፍም ፈራሁ። አንድ ቀን ጉርድ ይዤ ልብስ ሰፊዋ እናት ሱቅ ገባሁ፤ ጠርዙ ይታጠፍልኝ ብዬ። ጠርዙ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

እሳቸው እንደ ወትሯቸው ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ «መጽሐፍ ያገባሽው መጣሽ? ባልሽ ደኅና ነው? ገጹ አልተቀደደም?» አሉኝ።

«ደኅና ነው እትዬ።»

«አደራ፣ ውኃ አታስነኪው።»

ሳቁ። እኔ ፊታቸውን ሳይሆን መደርደሪያውን አየሁ፤ መድኃኒት የሚቀመጥበት የት ይሆን እያልሁ። እንዲህ ማሰቤን ሳውቅ ጉርዱን ጥዬ ወጣሁ።

ከሳምንት በኋላ ልወስደው ስሄድ ሱቁ ተዘግቷል። በማግስቱም ተዘግቷል። ወፍጮ ቤቱ ደጅ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ሳልፍ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አለቀ አልሁ። ምራታቸው ሰምታለች፤ ከቤት አስወጥታቸዋለች። ዘጠኝ ቀን ያንን የተቀረቀረ በር እያየሁ ተመላለስሁ። ሰው መጠየቅ እችል ነበር። ምን ብዬ? ለምን ፈለግሻቸው ቢሉኝ ከድምፄ የሚያውቁብኝ ይመስለኛል።

በዐሥረኛው ቀን ተከፍቷል። ጥቁር ለብሰው መኪናቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«እኅቴ ሞታብኝ ደንበጫ ወርጄ ነበር» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ።

ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። መኪናው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔንጃ ለምን ያህል ጊዜ።

«ምን አልሽ ልጄ?»

እግዜር ያጥናዎት ማለቴ ነው፣ ምላሴ ነው፣ ብዬ ተንተባተብሁ። እሳቸው ጉርዱን በጋዜጣ ጠቀለሉልኝና፣ «ሞት የነካሽስ አንቺ ትመስያለሽ፤ ከስተሻል። እህል ብዪ» አሉኝ።

እየሄድሁ አሰብሁት። ያመሰገንሁት እሳቸው ደኅና ስለሆኑ አልነበረም። እኔ ስላልተያዝሁ ነው።

ለነርሷ ጻፍሁላት። መመሪያውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ መጥቼ ባነጋግርዎት? አልሁ። ደስ ብሏት ቀኑን ነገረችኝ። ጠዋት አውቶቡስ ይዤ መራዊ ወረድሁ። የማኅበሩ ቢሮ ከዋናው መንገድ ገባ ያለች አንድ ክፍል ነች። ነርሷ ከኔ ታንሳለች፤ ነጭ ጋውን ለብሳለች። ሻይ አስመጣችልኝ፤ ሳትጠይቀኝ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨመረችልኝ። ከዚያ ከመሳቢያዋ መመሪያዬን አወጣች። አሳትማው፣ ላስቲክ ውስጥ ከታዋለች። ሦስቱን መስመሮች በስክሪብቶ አስምራባቸዋለች።

«እርስዎ ባይጽፉት እኔ የት ዐውቀው ነበር» አለችኝ።

ሻዩን አልነካሁትም። በአውቶቡስ ስመጣ ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋብኝና እንዲህ አልሁ፦ «ያ ሦስተኛው መስመር የኔ ክፍል ስም ነው። ለስምንት ወር ያህል የጻፋችሁት ሁሉ እዚያም ይገባ ነበር። በሩ ክፍት ነበር።»

መጀመሪያ አልገባትም። ወረቀቱን አየችው። እንደገና አየችው። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቆየች።

«ማን አይቶታል?»

«እኔ አይቻለሁ። ሌሎች ሦስት ነበሩ። እነማን እንደሆኑ አላውቅም። ከነሱ በፊት ስንት እንደገባም አላውቅም።»

«እኔ ያጠፋሁ መስሎኝ» አለች በቀስታ። «እንዳልሳሳት ብዬ እኮ ነው ያሰመርሁበት።»

ሹም አቦ ስላሉት እናት ልጠይቃት አፌን ከፈትሁ። ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

«ስለ አባሎቼ ከአንቺ ጋር አላወራም።»

እርስዎ ማለቷን የተወችው እዚህ ላይ ነው። ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች፤ ውጭ የአውቶቡስ ረዳት ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር እያለ ይጣራ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ ብዙ ቆመች። ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ፤ ስትዞር ግን ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«ቅዳሜ ይሰበሰባሉ። የምነግራቸው እኔ ነኝ። አንቺ ጻፊልኝ፤ የሆነውን፣ እንደሆነው። መጻፍ ትችያለሽ አይደል?»

ወረቀት ስላልነበረ ከላስቲኩ አውጥታ የመመሪያዬን ጀርባ ሰጠችኝ። ጻፍሁ። ስሙን ማን እንዳስገባው፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር ክፍት እንደነበረ፣ ምን እንደደመሰስሁ፣ ባወቅሁ ጊዜ ሳልናገር ስንት ሳምንት እንደቆየሁ። ያዩት ሰዎች ቁጥር የሚገባበት ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቦታውን ባዶ ተውሁትና ቀጠልሁ።

ቆማ አነበበችው። ባዶው ጋ ስትደርስ ስንት ልበላቸው ብላ አልጠየቀችኝም። እስከ ግርጌው ወረደችና ወረቀቱን መለሰችልኝ።

«ስምሽን አልጻፍሽም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የመመሪያው ጸሐፊ ብዬ ነበር ያበቃሁት። ስክሪብቶውን እንደገና ተቀብዬ ስሜን ከነአባቴ ጻፍሁት።