ሰውአገኝን ያስደነገጠው ዳገት

ሰውአገኝ ጎንደር አራዳ ላይ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። በወጣትነቱ ደክሞ ያቆመው ነው። አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላው ግን ሥራው ሁሉ ለሠራተኞቹ ሆነ፤ እሱ ከደጃፉ እስከ መደብሩ በመኪና ይሄድና ትራስ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። "ምን ጎደለኝ?" ይላል። እውነቱን ነው፣ ምንም አልጎደለውም።

አባቱ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ባለች የገጠር ቀበሌ በክረምት አረፉ። ቤተ ክርስቲያኑ ከዳገቱ አናት ላይ ስለሆነ ወንዶቹ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ይሸከማሉ። የልጅ ወግ ነውና ሰውአገኝም ትከሻውን ሰጠ። ሃያ እርምጃ እንኳ አልሄደም። ትንፋሹ ተቆረጠ፤ ጉልበቱ ከዳው፤ ቃሬዛው በእሱ በኩል ዘንበል አለና የአባቱ አስከሬን ወደ ጭቃው መንሸራተት ጀመረ።

"ኧረ በስመ አብ!" ሴቶቹ ጮኹ።

ከኋላ አንድ እጅ ደርሶ ቃሬዛውን ቀና አደረገው። አያ ኪዳነወልድ ነበሩ፣ የአባቱ ባልንጀራ፣ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ። ሳያርፉ እስከ ደጀ ሰላሙ ተሸከሙ።

ለቀስተኛው ሲበተን ሰውአገኝ አጠገባቸው ተቀመጠ። ፊቱ ገና አመድ እንደመሰለ ነበር።

"አያ፣ እንዴት ቻሉት?"

"እኔማ ውሃውንም እንጨቱንም በየቀኑ እሸከማለሁ፣ ልጄ። ጎተራዬ ሙሉ ሳለም በሳምንት አንድ ቀን ቆሎና ውሃ ብቻ እቀምሳለሁ።"

"ካለዎት ምነው?"

"የማጣት ቀን ሲመጣ እንግዳ እንዳይሆንብኝ ነዋ! ጠዋት 'ዛሬ ምን ያገኘኝ ይሆን?' እላለሁ። ማታ ደግሞ 'የቱ ላይ ሰነፍሁ?' እላለሁ። አንተን ግን ድሎት እየበላህ ነው። ሳያምህ ነው የሚበላህ።"

ቃሉ እንደ ጥፊ አረፈበት።

ጎንደር ሲመለስ መኪናውን አቁሞ በእግሩ መሄድ ጀመረ። ማክሰኞ ማክሰኞ ቆሎ ቆረጠመ፤ ከሠራተኞቹ ጋር ሲሚንቶ አወረደ።

"ምነው፣ ልትመንን ነው?" አለች ሚስቱ ፀደይ ደንግጣ።

በሦስተኛው ሳምንት ሰለቸውና ዝናቡን ሰበብ አድርጎ ዐሥር ቀን ወደ ድሎቱ ተመለሰ። ማታ ራሱን 'የቱ ላይ ሰነፍሁ?' ብሎ ሲጠይቅ ግን መልሱ አሳፈረው፤ እንደገና ጀመረ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ መደብሩ ተቃጠለ። ሮጦ ሲደርስ ጣሪያው ወርዷል። ፀደይ መሬት ላይ ተቀምጣ ትጮሃለች። ጎረቤቱ ሰውአገኝን እያየ "ይወድቃል፣ ያዙት!" ይላል።

"ውስጥ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ ሰውአገኝ።

"የለም፣ ሁሉም ወጥተዋል።"

እጁን አየ፤ አይንቀጠቀጥም። ከእሳቱ ይልቅ ያስደነገጠው ይኸ ነበር። አለቀሰ፣ ዕድሜውን ያፈሰሰበት ነውና። ከዚያ ዕንባውን ጠርጎ ፀደይን ከመሬት አነሣት።

ሰኞ ጠዋት ከእሳቱ የተረፈውን ጥቂት ዕቃ በጎረቤቱ በረንዳ ላይ ዘርግቶ ያዩት ሰዎች አፋቸውን ይዘው ቆሙ። እሱ ግን ቀና ብሎ፣ "የስንት ቁጥር ምስማር ልስጣችሁ?" አላቸው።