የያዮው ኮምፕረሰር ለምን ጋለ

ኮምፕረሰር የሚግለው ዘይት ሲያንሰው ነው ይላሉ። ሁልጊዜ አይደለም። የእህቴ ኮምፕረሰር ዘይት ሳያንሰው ጋለ።

ያዮ ውስጥ ጎሚስታ ያላት ታላቅ እህቴ እትዬ ብርቄ ሐሙስ ደወለችልኝ። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰሯ አንድ ጎማ ሳይነፋ ይግላል፣ በአየር ቱቦውም ዘይት ይተፋል። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ቡና የሚጭኑ መኪኖች ይመጣሉ። እስከዚያ ካልተሠራ ሸጣው ሱቁን ልትዘጋ ነው።

«እመጣለሁ» አልኳት።

«ና። ለማንኛውም ለገመቹም ደውያለሁ።»

ገመቹ ከመቱ አለፍ ብሎ ያለችው የቡሬ ከተማ መካኒክ ነው። እህቴ «እጁ የተባረከ» ትለዋለች። እኔ መጻፍ ከጀመርኩ ሃያ ዓመቴ ነው፤ እጄን አንድም ቀን አልባረከችውም።

ዓርብ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ መቱ መናኸሪያ

ስለ ኮምፕረሰር ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ፣ ማስታወሻዬን በኪሴ ይዤ ሚኒባስ ገባሁ። አጠገቤ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ገመቹ። መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ እግሩ ሥር አስቀመጠ።

«አካም ቡልተን፣ ጋሼ!» አለኝ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። ስሙ የጠፋኝ መስዬ መለስኩለት። ረዳቱ ሒሳብ ሊሰበስብ ሲመጣ ገመቹ የሁለታችንንም ከፈለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ሁሩሙ

ሚኒባሱ ሰው ሲያወርድ ገመቹ ወርዶ ማር ገዛ። ለእህቴ ነው። እኔ የያዝኩላት ማስታወሻ ብቻ ነበር። ከሁሩሙ በኋላ ጫካው መንገዱን እየተጠጋ መጣ፤ ዛፎቹ ሥር ሰዎች ቀይ ቡና ይለቅማሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለት ገጽ እጽፍበት ነበር። ያን ቀን የማየው ማሩን ነበር።

«ለምን የጋለ ይመስልዎታል፣ ጋሼ?»

«ቫልቭ ነው» አልኩ በሙሉ ልብ።

«ይሆናል። ሳላየው አላውቅም።»

የሚያናድደኝ ይኸው ነው። እኔ ሳላይ ብዙ ነገር አውቃለሁ።

አራት ሰዓት፣ ያዮ

እህቴ መጀመሪያ ያቀፈችው እሱን ነው። ኮምፕረሰሩ ከግድግዳው ተለጥፎ፣ ዝናብ እንዳያገኘው ጆንያ ለብሶ ቆሟል። ልጆቿን እንኳ እንዲህ አልሸፈነችም።

«ሲሠራም ይኼን ለብሶ ነው?» አለ ገመቹ።

«ታዲያ የያዮ ዝናብ ይራራለታል?»

«እትዬ፣ እስቲ እርስዎ በጋቢ ተከናንበው ይሩጡ!»

ጎማው ተንፍሶበት የሚጠብቀው የኢሱዙ ሹፌር ሳይቀር ሳቀ። ገመቹ ጆንያውን ገፎ ማሽኑን ከግድግዳው አራቀው። አየሩን አስወጣ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፣ የማሽኑ ራስ ማቀዝቀዣ ሽንሽኖች መካከል የተጣበቀውን አቧራና የቡና ገለባ በብሩሽ አራገፈ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የዘይት መመልከቻዋን ትንሽ መስታወት ጠረገ። ዘይቱ ቀይዋ ነጥብ ላይ መቆም ሲገባው መስታወቷን ሞልቶ አልፏል።

«ተገኘ። ዘይት ሲበዛ ውስጡ ይናጣል፣ አረፋ ይሆናል፣ ማሽኑ ይግላል። ትርፉ ከአየሩ ጋር ይወጣል። ማን ነው እንዲህ የሞላው?»

እኔ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ልጠይቃት መጥቼ፣ ስለ ገመቹ እጅ ስታወራ አንድ ከሰዓት ሙሉ ሰማሁ። ለአፍታ ወጣ ስትል አንድ ሙሉ ጠርሙስ ዘይት ገለበጥኩበት። ማሽኑ ሲበረታ «የእኔ ሥራ ነው» ልላት።

አንገቴ ላይ ላብ መጣ። ገመቹ ፊቴን አየ፤ አንዴ ብቻ።

«ኧረ እኔው ነኝ!» አለ ግንባሩን መትቶ። «ባለፈው ስመጣ አብዝቼው ነው። ይቅርታ፣ እትዬ።»

እህቴ ከት ብላ ሳቀች። «አንተም እንደ ሰው ትሳሳታለህ ለካ! በል ቁጭ በል፣ ምሳ ቀርቧል።»

ጥፋቴን እንኳ ወሰደብኝ። ለእኔ የሚገባውን ይቅርታም አብሮ።

ገመቹ ግን ከምሳው በፊት ትርፉን ዘይት አፍስሶ ማሽኑን አስነሳው። የኢሱዙው ጎማ ተነፋ፤ ቱቦው ንጹሕ አየር ብቻ አወጣ። እህቴ ስለ መሸጥ ዳግም አላነሳችም።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ መቱ፣ ቤቴ

ብቻዬን ተመለስኩ፤ ገመቹን ለቅዳሜ ገበያ አስቀርታዋለች። የተማርኩት ይኼ ነው፦ ዘይቱን ማሽኑ ቆሞ ሲቀዘቅዝ እዩት፤ ነጥቧ ላይ ከደረሰ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ቢዘንብም ጣራ ሥሩለት እንጂ ጆንያ አታልብሱት። ይህን ሁሉ በማስታወሻዬ ጽፌው ነበር። ማሽኑን አላየሁትም እንጂ።

ለእህቴ እውነቱን ልነግራት ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቴም ስለ ማሩ ጠይቄ ዘጋሁ።

ስለዚህ በያዮ የምታልፉ ሁሉ፣ እህቴ ሱቅ ቁሙና «ዘይቱን የሞላው ወንድምሽ ነው» በሏት። ጥፋቴን ከዚያ ሰውዬ አስመልሱልኝ።