ቁልቁለት ላይ የገዛኋት መኪና

መኪና የገዛሁት ለክብር አይደለም፤ ልጄ አላውቅሽም ስላለችኝ ነው። እንዲህ ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። የአሥር ወር ልጅ በገዛ እናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ሌባ እንደያዛት ስትጮህ ያላየ ሰው ሊስቅ ይችላል።

የምንኖረው ሱሉልታ ተከራይተን ነበር። ሥራዬ አዲስ አበባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ልጄ ተኝታለች። ከሥራ ወጥቼ፣ አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ተገትሬ፣ ተጋፍቼ፣ የእንጦጦን ዳገት ወጥቼ ቤት ስደርስ ደግሞ ተኝታለች። ባለቤቴ ገላን ፋብሪካ ስለሚሠራ እዚያው ያድራል፤ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። ልጄን ቀኑን ሙሉ የሚይዙልኝ የግቢው ባለቤት ናቸው። አኮ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው። የልጄም የመጀመሪያ ቃሏ "አኮ" ሆነ። እሑድ እሑድ ሳቅፋት እጇን ወደ እሳቸው ዘርግታ ታለቅሳለች። አኮ ያፍሩና "ሆዷን አሟት ነው" ይሉኛል። ሆዷን አላመማትም፤ እኔን ነው ያላወቀችኝ። ስለዚህ ምንም ቢመጣ ሳትተኛ ቤት እደርሳለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ግርግር የተነሳበት ነበር። አንድ ቀን ሰበታ መንገድ ተዘጋ ይባላል፣ በማግሥቱ ቡራዩ፣ ከዚያ እኛ ጋ። በተዘጋ ቁጥር ታክሲ ይጠፋል፣ ማደያዎችም "ነዳጅ የለም" የሚል ካርቶን ያንጠለጥላሉ። አንድ የመኪና ደላላ ይህን አውቆ መጣብኝ።

"እህቴ፣ ላንቺ የሚያዋጣሽ ሃይብሪድ ነው" አለኝ። "ቤንዚን ቢጠፋ በባትሪ ትሄጂያለሽ። ይቺ መኪና ነዳጅ አትጠጣም፤ ታሸታለች እንጂ!"

ያኔ ሃይብሪድ ብርቅ ነው። ቤንዚንም ባትሪም አላት ከመባሉ በቀር የማውቀው ነገር የለም። ባለቤቴ በስልክ "ዳገት ላይ ሳትሞክሪ እንዳትገዢ" ብሎኝ ነበር። ወይ ነዶ! ብሎኝ ነበር እኮ።

ቅዳሜ ጠዋት ሻጩና ደላላው መኪናዋን ሱሉልታ ድረስ ይዘዋት መጡ። ታጥባ ታብረቀርቃለች። "እስከ ጋራው ጫፍ እኔ ልንዳት፣ አንቺ እያየሽ ልመጂ" አለ ሻጩ፣ ጨዋ መስሎ። ቀስ፣ ቀስ እያለ ወጣ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ወረደና በሩን ከፈተልኝ። "በይ አሁን ያንቺ ናት፣ ንጂያት።"

ነዳኋት። ከዚያ እስከ አዲሱ ገበያ እኮ ቁልቁለት ነው! ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የባትሪዋ መስመሮች አንድ በአንድ ይሞላሉ። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ጢም አለች። "አየሽ እንዴት ቶሎ እንደምትሞላ?" አለ ደላላው። እኔ ጅሏም "ወይ ጉድ፣ እንዴት ቶሎ!" አልኩ።

"ስንመለስ ደግሞ ዳገቱን እኔ ነኝ የምነዳው" አልኩ፤ ይህን ያህል እንኳ አስቤ ነበር። ደላላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ፊቱን አጨማደደ። "ኧረ እህቴ፣ ወደ ላይ እየተዘጋ ነው አሉ! አሁን ወጥተን መስታወቷ ቢረግፍ ማን ሊገዛት ነው?"

መንገዱ አልተዘጋም ነበር። መኪናዋ ስም እስኪዛወር እነሱ ጋ ቀርታ፣ ከሰዓት በኋላ በታክሲ ስመለስ ድንጋይ ቀርቶ ጠጠር አላየሁም። ግን በዚያ ወቅት መንገድ ተዘጋ ሲሉህ ማን ይጠራጠራል? አዲሱ ገበያ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ውል ተፈራረምን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ግን ቆሜም ተፈታ።

እኛ አገር መኪና ገዝቶ ወንበሩን ራቁቱን የሚተው የለም። እኔም ለልጄ ብዬ ወፍራም ስፖንጅ ያለው የወንበር ልብስ አሰፋሁ፤ የኋላውን ወንበር ከጎን እስከ ጎን፣ እስከ ታች ድረስ አለበስኩት። እንዳይቆሽሽ ደግሞ ላዩ ላይ ላስቲክ ደረብኩበት። አኮ አይተው "አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ አስመሰልሻት!" አሉኝ። ደስ አለኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስኩ። በመጀመሪያው ቀን ልጄ አየችኝና የአኮ ነጠላ ውስጥ ገባች። በሁለተኛው ከሩቅ ሆና አየችኝ። በሦስተኛው ከእጄ ብስኩት ተቀበለች። እሰይ አልኩ፤ አንድ ሳምንት ብቻ ይበቃኛል።

በአራተኛው ቀን ዳገቱ ወገብ ላይ ቀይ መብራት በራ። ነዳጅ ብሰጣት ብሰጣት ኤሊ ሆነች። የባትሪው መስመር ጠዋት ቁልቁለቱን ስወርድ ጢም እንዳላለ ሁሉ አሁን ባዶ ነው። ከኋላዬ ሲሚንቶ ለመጫን የሚወጣ ከባድ መኪና ጡሩምባውን አንባረቀው፤ ሹፌሩ ሲያልፈኝ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ሴትዮ፣ ወርደሽ እርጂያት!" አለኝ። ቆሽቴ አረረ። ጥግ አስይዤ አቆምኳት። ግማሽ ሰዓት ስትበርድ መብራቱ ጠፋና ሄደች። በማግሥቱም እዚያው ቦታ፤ በማግሥቱም። ድሮ አብረውኝ የሚሰለፉት ሴቶች በታክሲ እያለፉ በመስኮት እጃቸውን ያውለበልቡልኛል። ቤት ስደርስ ልጄ ተኝታለች። መኪና ገዝቼ ከታክሲ ኋላ እየደረስኩ!

ደላላው ጋ ደወልኩ። "ዳገት ስትደርሺ አትጫኛት" አለኝ። ዳገቱ እኮ ቤቴ ነው! ሁለተኛ ስደውል ስልኩ ዝግ ሆነ።

ሥራ አስፈቅጄ አንድ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ጸጉሩ የሸበተ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው "ዳገት ላይ ሞክረሻታል?" ሆነ።

"ቁልቁለት ላይ ነው የሞከርኳት" አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

"ቁልቁለት ላይማ በርሜልም ይሄዳል" አለና እስኪያስለው ሳቀ። "ይሄውልሽ፣ ጥሩ ባትሪ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ቀስ ብሎ ይጎድላል። ያረጀ ባትሪ ግን እንደ ትንሽ ስኒ ነው፤ ቶሎ ሞላ፣ ቶሎ አለቀ። ያንቺ አርጅቷል።"

እኔ ደግሞ ቶሎ በመሙላቱ እኮ ነው የተደሰትኩት! ይህም አልበቃ ብሎት የኋላውን በር ከፈተና ያሰፋሁትን ልብስ ገለበው። ከወንበሩ ጎን ትንሽ መስኮት የመሰለች ወንፊት ታየች። ባትሪው ከዚያ ወንበር ጀርባ ነው፤ የሚተነፍሰው በዚያች ነው። በስፖንጅና በላስቲክ ጠቅጥቄ ደፍኜበታለሁ።

"እኔ ነኝ የገደልኳት?" አልኩት።

"የሞተችውስ ቀድሞ ነው" አለ። "አንቺ ገነዝሻት እንጂ።"

አዲስ ባትሪ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ መቼ እንደሚመጣም አያውቅም። ለጊዜው አቧራውን አራግፎ ሰደደኝ። ለባለቤቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ብዬሽ ነበር አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ቀን እንኳ ሳይቆይ፣ እኩለ ቀን ላይ ቢሮ ውስጥ "ሱሉልታ እየተዘጋ ነው" የሚል ወሬ ገባ። አለቃችን በዚያ በኩል የምንኖረውን ሂዱ አለን። ታክሲ የለም። ያለችኝ እሷ ናት። እንዲሁ እየለመንኳት ዳገቱን ጀመርኩ፤ "በናትሽ፣ የዛሬን ብቻ" እላታለሁ። ጫፉ ወለል ብሎ እየታየኝ ቀይ መብራቱ በራና ቀጥ አለች። ከፊቴ ድንጋይ ተደርድሯል። ቅጠል የያዙ ወጣቶች ወደ እኔ መጡ።

አንዱ መስኮቱን አንኳኳ። "ኤሳ ዴምታ?" የት ትሄጂያለሽ ነው።

የማውቃት ኦሮምኛ ሁሉ ጠፋችብኝ። "ሱሉልታ... ሙጫ ኮ... ልጄ ጋ" አልኩ፤ ሙጫ ኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ በፍርሃት ይሁን በንዴት እንጃ፣ ቁጣዬ ፈነዳ። "ባትሪዋ ሞቶ ነው! ሸጡልኝ እኮ! ቁልቁለት ላይ ሸጡልኝ!"

ተያዩ። አንዱ ሳቀ። ከዚያ ድንጋዩን ገለል አድርገው ከኋላ ሆነው ይገፉኝ ጀመር። ጫፉ ላይ ሲያደርሱኝ መጀመሪያ ያናገረኝ ልጅ የዛፍ ቅርንጫፍ ከመስታወቴ ሥር ሰካልኝ፤ ቀጥሎ የሚያገኙኝ እንዲያሳልፉኝ ነው። "ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ነው" አለኝ በአማርኛ። እሷም ቁልቁለት ስታይ ነፍስ ዘራች፤ አመሏ ነው። ግቢያችን ገብታ ቆመች፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለችም።

መንገዱ አምስት ቀን ተዘጋ። ሁላችንም ቤት ዋልን። አኮ ወደ ጫንጮ ሄዶ መንገድ ስለተዘጋበት ልጃቸው ሲጨነቁ ይውሉ ነበር፤ እኔም ስለ ባለቤቴ። ማውራት የሚቻለው ስልክ ሲሠራ ብቻ ነው። ልጄ ግን መኪናዋን ወደደቻት። መጀመሪያ አኮ አቅፈዋት ገቡ። በማግሥቱ አኮ ውጭ ቆመው እኔ ያዝኳት። በሦስተኛው ቀን ጭኔ ላይ ቆማ መሪውን ጨብጣ ጡሩምባውን ስትጫን፣ ድምፁ አስደንግጧት ዘወር አለችና አንገቴ ሥር ተሸጎጠች። አኮን አልፈለገችም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስትነቃ አየችኝና "ማ" አለች። ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ እጄን እንኳ ሳላደርቅ አነሳኋት።

በስድስተኛው ቀን መንገዱ ተከፈተ፤ ታክሲም ሠራ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደ ሌባ በእግር ጣቴ እየተራመድኩ ስወጣ ልጄ ነቃች። አኮ ታቅፈዋት በሩ ላይ ቆሙ። ልጄ ሁለት እጇን ዘረጋችና ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ወደ እኔ ነው የዘረጋችው፤ ያቺን ድሮ ወደ አኮ የምትዘረጋትን እጇን። አኮ ያዝ፣ ያዝ ቢያደርጓት አልቻሏትም። መኪናዋ ወንበሯ እንደተገለበ አጠገባችን ቆማለች፤ በጡጫ መታኋት። ዛሬም ሰልፍ ነው፣ ዛሬም ስመለስ ተኝታ ነው የማገኛት።

"ሆዷን አሟት ነው፤ ሂጂ አንቺ ልጅ፣ አይርፈድብሽ" አሉኝ አኮ፣ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው።

"አዎ አኮ፣ ሆዷን ነው" አልኳቸውና ወደ ታክሲው ሰልፍ ሮጥኩ።