ሳይነገር የተሰረዘ ሠርግ

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ የሠርግ አዳራሽ በትርፍ ሰዓቴ እሠራ ነበር። አዳራሹ ሲያዝ እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ቀኑን ኢንተርኔት ላይ ባለ ካላንደር ይመዘግባል። ዲኮር የምትሠራዋ፣ ፎቶ አንሺው፣ ምግብ አቅራቢዋ፣ የመዘምራኑ መሪና ሙሽሮቹም በየስልካቸው ያዩታል። ሠርግ ሲቀር ደግሞ በዚያው መንገድ ይሰረዝና ለሁሉም መልእክት ይሄዳል። ፕሮግራሜ ከካላንደሩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ኤፒአይ ይባላል። ይህንን ለአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ላስረዳት ስሞክር «ብቻ ሁለት ሠርግ አንድ ቀን እንዳያጋጥመኝ» አለችኝ። በዚሁ ተግባባን።

አንድ ጠዋት ደወለችልኝ።

«አንድ አባት መጥተዋል። የልጃቸው ሠርግ ቀርቷል። ልሰርዘው ስል ግን ቆዪ አሉኝ፤ ፕሮግራሙን የሠራችውን ካላየሁ ብለዋል።»

ስደርስ ቢሮው ውስጥ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ታቦር ክፍለ ከተማ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አማርኛቸው አስተማሪ አማርኛ ነው፤ ቃሉን እስከ መጨረሻው ይጠሩታል።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ሲሰረዝ የሰዎቹ ስልክ ይጮኻል አሉኝ። እውነት ነው?»

«አዎ፣ ለሁሉም መልእክት ይደርሳቸዋል። ለእርስዎም ከመዞር ያሳርፍዎታል።»

«እኔ ማረፍ አልፈለግሁም» አሉ። «መዘምራኑ ከልጄ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው። እሷም ከእነሱ ጋር ነው የምትዘምረው። ሠርጓ መቅረቱን ስልክ ሊነግራቸው አይገባም። እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ሥራ አስኪያጇ ደስ አላላትም። ሰዎቹ ሳያውቁ ለልምምድ ቢመጡስ? እሳቸው ግን ዛሬውኑ ሁሉንም አዳርሳለሁ አሉ። ሠርጉ ለምን እንደቀረ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም።

እኔ የሠራሁት የመሰረዣ ቁልፍ ምንጊዜም ለሁሉም ያሳውቃል። ሰው ዝም ብሎ መሰረዝ ይፈልጋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ላፕቶፔን ከፍቼ ትእዛዙን በእጄ ጻፍኩ። ካላንደሩ አንድ ነገር ሲሰረዝ ለሁሉም ይነገር ወይስ ለማንም አይነገር ብሎ መምረጥ ይፈቅዳል፤ «ለማንም» የሚለውን አደረግሁ። አባትየው ወንበራቸውን አስጠግተው ያያሉ። የልምምዱን ቀን ሰረዝኩ፤ ከዚያ ሠርጉን፤ ከዚያ የመልሱን ግብዣ። እያንዳንዳቸው ለየብቻ የተመዘገቡ ስለሆኑ ለየብቻ ነው የሚሰረዙት።

«ምን አለ?» አሉ።

«ምንም አላለም።»

«ታዲያ መሰረዙን በምን አወቅሽ?»

«ሲሳካለት የሚመልሰው ባዶ ነው። የሚናገረው ሲያቅተው ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። በመስኮት ሳይ ባጃጅ ሲያስቆሙ ነበር።

ቃላቸውን ጠብቀዋል። ዲኮር የምትሠራዋ በማግሥቱ አዳራሹ ውስጥ አገኘችኝ። ሱቋ ድረስ መጥተው፣ ተቀምጠው፣ ውኃ ጠይቀው ጠጥተው ነገሯት። «እኔ ላጽናናቸው ሲገባ» አለችኝ፣ «እሳቸው እኔን ሲያጽናኑኝ ቆይተው ሄዱ።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጅቷ ራሷ መጣች። አላውቃትም ነበር። ረጅም ናት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ላቦራቶሪ ትሠራለች። ሥራ አስኪያጇ ስላልነበረች ከእኔ ጋር ተቀመጠች።

«አንቺ ነሽ የሰረዝሽው?»

«አዎ። አባትሽ ብለውኝ ነው።»

«እኔ ነኝ የላክኋቸው፤ በዚያ አልተከፋሁም። ግን ካላንደሩን በስልኬ ስከፍተው ቀኑ ባዶ ነው። ቀረ እንኳ አይልም። ጭራሽ ያልነበረ ነው የሚመስለው።»

እንዲህ የሚሆነው መልእክት ስላልተላከ እንደሆነ ነገርኳት። ሰማችኝ፤ ግን ያልጠየቀችውን ነበር የመለስኩት።

«አንዴ ከተሰረዘ አይታይም?»

«በተለመደው መንገድ አይታይም። በኤፒአይ ከጠየቅሁት ግን ለተወሰነ ጊዜ ይታያል።»

«እስቲ ጠይቂው።»

የተሰረዙትንም ጨምረህ አሳየኝ የሚል ትእዛዝ ሰጠሁት። መጣ። የሁለቱ ስም ያለበት ርእስ አለ፣ ቀኑ አለ፣ አዳራሹ አለ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ተሰርዟል የሚል ቃል ተጽፏል። ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩላት። ረጅም ጊዜ አነበበችው፤ የሚነበበው ግን ጥቂት ነበር።

«የእኔ ስም ነው የቀደመው» አለች።

«ያስመዘገብሽው አንቺ ስለነበርሽ ይሆናል።»

«እሱማ አንድም ቀን እዚህ አልመጣም።» ስክሪኑን ወደ እኔ መልሳ፣ «ሌላ ሴት የለችውም። እንዲሁ አልችልም አለኝ። ሌላ ሴት ብትኖር ለሰው መንገሩ ይቀል ነበር» አለች።

ከዚያ ቀኑን አሁን ሌላ ሰው ሊይዘው ይችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይችላል አልኳት። እጄን ጨብጣ ሄደች።

በዚያው ሳምንት የመሰረዣውን ገጽ አስተካከልኩ፤ ከመሰረዙ በፊት ይነገር ወይስ አይነገር ብሎ እንዲጠይቅ አደረግሁት። ሥራ አስኪያጇ ጥያቄ በዛ አለችኝ።

ቀኑ ባዶ ሆኖ ብዙ አልቆየም፤ ጥር ስለሆነ አዳራሽ ይፈለጋል። ሌሎች ሙሽሮች ያዙት። ዲኮር ሠሪዋም ፎቶ አንሺውም ነፃ ስለነበሩ እነሱኑ ወሰዱ። መዘምራንም ሲፈልጉ መሪው ያንኑ ቡድን ይዞ መጣ። ልጅቷን ቅሪ እንዳላት ኋላ ነግሮኛል። አልቀረችም።

በሠርጉ ቀን የመዝሙሩን ግጥም በስክሪን የማሳየው እኔ ነበርኩ። ልጅቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የቡድኑን ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። ሥራ አስኪያጇ በክርኗ ነካችኝ።

«ያቺ ልጅ አይደለችም?»

«እሷ ናት።»

«ምን ዓይነት አንጀት ነው!» አለችና ምግቡን ልታይ ሄደች።

ሙሽሮቹ ሲገቡ ከሌሎቹ ጋር ዘመረች። ፊቷን ደጋግሜ አየሁት፤ የተለየ ነገር አላገኘሁበትም። አንድ ጊዜ ግጥሙን በስህተት አሳልፌ ወደሚቀጥለው ሄጄ ነበር፤ እሷ ስክሪኑን ስለማታይ አልተደናገረችም።

ወደ ማብቂያው አባቷ ሊወስዷት መጡ። በሩ ላይ ቆመው አይቼ ወጣሁ።

«ይግቡ እንጂ፣ ምግብ አለ።»

«ያልተጠራሁበት ሠርግ አልገባም፣ ልጄ። እዚሁ እጠብቃታለሁ።»

ወንበር አወጣሁላቸው። ተቀመጡ። ከውስጥ እልልታው ይሰማል፤ ሁለታችንም ስለ ሙቀቱ አወራን። ልጅቷ ቀሚሱን በከረጢት ይዛ ስትወጣ በሲዳምኛ አንድ ነገር ጠየቋት። እኔ ቋንቋውን የምሰማው ጥቂት ነው፤ እንዴት ነበር ማለታቸው ግን ገባኝ።

እሷ በአማርኛ መለሰች፤ ለእኔም እንዲሰማ ይመስለኛል።

«ጥሩ ነበር። ማይኩ ግን ይቆራረጣል፤ ቢያስተካክሉት ጥሩ ነው።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

ባጃጅ ይዘው ወደ ታቦር ሄዱ። እኔም ወንበሩን አስገባሁ።