የተቀነጠቡት ኮስሞሶች

የልብስ ፋብሪካው ሠራተኞች «እትዬ ራጅ» የሚል ስም ያወጡላት ሥራ በገባች በሁለተኛው ዓመት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የቆመችው በሴቶቹ መውጫ በር ላይ ነበር። ሥራ ሲያበቃ ሰፊዎቹና ልብስ ተኳሾቹ ተራ በተራ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷ ይቆማሉ፤ እሷም ከብብት እስከ ቁርጭምጭሚት ትዳብሳቸዋለች። ክር ይሁን ዚፕ፣ ጣቷ ሳይነካው በፊት ልቧ ይነግራታል እየተባለ ይወራ ነበር። እሷ ግን ይህን ስትሰማ አፏን አጣማ፣ «ልቤ ምንም አይነግረኝም። ሁሉንም ስለምጠረጥር ነው የማልሳሳተው» ትላለች።

ጡረታ ስትወጣ ሥራው አብሯት ቤት ገባ። ባሏ ከሱቅ ሲመለስ ፌስታሉን ተቀብላ ከማስቀመጧ በፊት ዳበስ ታደርገዋለች። ወተቱን ሁለት ጊዜ ታሸታለች። ቆጣሪ አንባቢው በር ሲያንኳኳ መታወቂያውን አገላብጣ አይታ፣ ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያይታ፣ «ይሄኛው ጺም የለውም» ብላ ታፋጥጠዋለች። ባሏ ጡረተኛ መካኒክ ነው፤ ነገር የማያካብድ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው።

«ሴትዮ፣ አንድ ቀን እኔንም በር ላይ ታስቀሪኛለሽ» ይላታል።

«እሱን የሚወስነው ምን ይዘህ ስትወጣ እንደማገኝህ ነው» ትመልስለታለች።

ነርስ የሆነችው ልጃቸው ግን ነገሩ ቀልድ ሆኖ አልታያትም። እናቷ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተተክላ የግቢውን ወጪና ገቢ ስትቆጣጠር ማየቱ አሳስቧት፣ አንድ ቅዳሜ ትንሽ የወረቀት ፓኬት ይዛላት መጣች። ላዩ ላይ የነጭ፣ የሮዝና የወይን ጠጅ አበቦች ሥዕል አለበት።

«ኮስሞስ ይባላል፣ እማዬ። በጣም ቀላል ነው። አፈሩን ጫር ጫር አድርገሽ ዘሩን መጣል ብቻ ነው።»

«በጣም ቀላል ከሆነ ለምን ጀርባው ላይ ይሄ ሁሉ ተጻፈ?»

ፓኬቱን ቀድዳ ዘሩን መዳፏ ላይ አፈሰሰችው። ጥቁር፣ ቀጭን፣ ጎበጥ ያለ ነገር ነው፤ የተሰባበረ መርፌ ይመስላል። «ከዚህ ነው ያ ሁሉ አበባ የሚወጣው? ተሸውደሻል፣ ልጄ» አለች። ቢሆንም ልጅቷ ስትሄድ ፓኬቱን መብራት ሥር አስጠግታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

የሚኖሩት የፋብሪካው ሠራተኞች በሚከራዩት ባለ አንድ ፎቅ ሕንጻ፣ ፎቁ ላይ፣ ከደረጃው በስተቀኝ ባለው ቤት ነው። ከወጥ ቤታቸው መስኮት ሥር፣ በግንቡና በእግር መንገዱ መካከል፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ደረቅ የአፈር ቁራጭ አለ። ባሏ ፍግ በጆንያ ላምጣልሽ ቢላት ፓኬቱ «ለም አፈር አይስማማውም፤ ቅጠል ብቻ ይሆናል» ይላልና ከለከለችው። ከለከለችው እንጂ አላመነችም። «ምግብ የሚጠላ ተክል የት ነው ያለው? ይሄን የጻፈው ሰው የሆነ ነገር ደብቋል» አለች።

ዘሩን ጥፍር በሚያህል ጥልቀት ቀበረችው። በአራተኛው ቀን ትዕግሥቷ አለቀና አንዱን ቆፍራ አውጥታ አየችው፤ ያው መርፌ ነው። መልሳ ቀበረችው። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ግን አፈሩ በአረንጓዴ ነጠብጣብ ተሞልቶ አገኘችው። ሳታስበው ሳቀችና፣ ያያት ሰው እንዳይኖር ዞር ዞር አለች።

ከዚያ ወዲህ ከተክሎቹ መለየት አልሆነላትም። ችምችም ብለው የበቀሉትን፣ ልጇ በስልክ እየመራቻት፣ ደካሞቹን ነቅላ አሥራ ሁለቱን ብቻ አስቀረች። ክር ክር የሚያካክሉ ስስ ቅጠሎቻቸው ገና ነፋስ ሳይነካቸው የሚርገበገቡ ናቸው። ውሃ ማብዛት እንደማያስፈልግ ገብቷት፣ ጣቷን አፈር ውስጥ ሰዳ ደረቅ ሲሆን ብቻ ታጠጣለች። ለሰው ባታወራም፣ የትኛው እንደረዘመ፣ የትኛው እንደጎበጠ በቃሏ ታውቃለች።

እናም አንድ ጠዋት ማሰሮዋን ይዛ ስትወርድ ክው ብላ ቀረች። ረዘም ረዘም ያሉት አምስቱ ተክሎች ጫፍ ጫፋቸው የለም።

ጎንበስ ብላ መረመረች። ወፍ ቢሆን ይበጫጭቀው ነበር። ቀንድ አውጣ ቢሆን የሚያብረቀርቅ መንገድ ይተው ነበር። ይሄ ግን ከቅጠሉ መገጣጠሚያ ከፍ ብሎ ንጹሕ ሆኖ የተቆረጠ ነው፤ አምስቱም በአንድ ዓይነት። የሰው ጥፍር ነው።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ባሏን ነው።

«እኔ?» አለ ሻዩን እየጠጣ። «ምን ላደርገው? ሰላጣ ልሠራበት?»

ቀጥሎ ምድር ቤት ያለውን፣ ከላይ በሚንጠባጠብ ውሃ ሁልጊዜ የሚያጉረመርመውን ሹፌር ጠረጠረች። እሱ ግን ለሥራ ከወጣ ሳምንት ሆኖታል። እያንዳንዱን ጎረቤት በሐሳቧ አቁማ ከዳበሰች በኋላ፣ ልቧ መጀመሪያውኑ ልታስባት የሸሸቻት ሴት ላይ ሄዶ አረፈ፤ ባለ ቁልፏ ላይ።

እትዬ ራጅ በልቧ «ባለ ቁልፏ» የምትላት ከሦስት ወር በፊት ከወንድሟ ጋር ልትኖር ወደ ሕንጻው የገባች ሴት ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ፋብሪካው ውስጥ ሰፊ ነበረች። አንድ ቀን በመውጫው በር ላይ እትዬ ራጅ የሽርጧን ኪስ ስትዳብስ ሰባት የሸሚዝ ቁልፎች አገኘች፤ ለውጭ አገር ትእዛዝ የመጡ፣ እንደ ዕንቁ የሚያብረቀርቁ። ሴትዮዋ «ስሰፋ ወድቀው ገብተው ነው» ብቻ አለች። በማግስቱ ተባረረች። እትዬ ራጅ ሥራዋን ነበር የሠራችው። ነገር ግን ያ ዓረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ከጆሮዋ አልወጣም። እውነት ወድቀው ገብተው ቢሆንስ?

አሁን ይህችው ሴት በየጠዋቱ ደረጃው ላይ ስታገኛት ቆም ብላ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» ትላታለች። አንድም ቀን ፊቷን አጥቁራባት አታውቅም። ይኸው ትሕትና ነው እትዬ ራጅን እንቅልፍ የነሳት። ብትሰድባት ኖሮ ይገባት ነበር። የበደሉት ሰው በየቀኑ ጤና ይስጥልኝ ሲል ምን እየደገሰ ነው?

«ደግሳ ደግሳ ይኸው አደረሰችልኝ» አለች ለባሏ።

«እጅ ከፍንጅ ሳትይዢ ሰው አትወንጅዪ» አላት። ነገሩን የተናገረው ለማብረድ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ትእዛዝ ወሰደችው።

በዚያው ቀን፣ የጫማ ምልክት እንዲይዝላት፣ ተክሎቹ ዙሪያ ዱቄት ነሰነሰች። በማግስቱ ጠዋት ስትወርድ ዱቄቱ ላይ አንድ ጥርት ያለ የነጠላ ጫማ ዱካ አገኘች። አጎንብሳ ስንዝራ፣ ስፋቱን ለክታ፣ ተረከዙ ላይ የተሰነጠቀውን አይታ፣ ቀስ ብላ ቀና አለች። የባሏ ነው።

«ዱቄቱን የደፋው ማን እንደሆነ ለማየት ነው የወረድኩት!» አለ ሰውዬው፣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ።

ከዚያ በኋላ ዱቄቱን ትታ ራሷ ዘብ ቆመች። ጎህ ሲቀድ ተነስታ፣ የወጥ ቤቱን መጋረጃ በጣት ያህል ገለጥ አድርጋ፣ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ሁለት ጠዋት ምንም አልታየም። በሦስተኛው ጠዋት ባለ ቁልፏ ባዶ ጀሪካን ይዛ ወጣች። ተክሎቹ ጋ ስትደርስ ቆመች። ግራ ቀኝ አየች። ጀሪካኑን አስቀምጣ አጎነበሰች፤ በአውራ ጣቷና በአመልካች ጣቷ መሀል የስድስተኛውን ተክል ጫፍ ያዘችና ቀጭ አደረገችው።

እትዬ ራጅ ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም።

«ቁሚ!» አለች፤ ድምፁ በፋብሪካው በር ላይ የምታዝበት ድምፅ ነበር።

ባለ ቁልፏ ቀጥ አለች። ዞራ አየቻት። ያኔ ማንም ሳያዛት ሁለት እጆቿ ወደ ጎን ተዘረጉ፤ እግሯንም በትንሹ ከፈት አደረገች። ልክ እንደዚያ ጊዜ ለፍተሻ ቆመች። የእትዬ ራጅ እጆችም ያለ ፈቃዷ ተነስተው ወደ ሴትዮዋ ብብት ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ አየር ላይ ቆሙ። እትዬ ራጅ የራሷን እጅ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው። አፈረች።

«አውርጂው እጅሽን» አለች፣ ዝግ ብላ።

ባለ ቁልፏ እጆቿን አወረደች። ከዚያ ሳትጠየቅ ኪሷን ገልብጣ አሳየቻት፤ የደረቁ አምስት ጫፎች አሉ።

«ለምንድነው የምትገድዪብኝ?»

«እየገደልኩ አይደለም፣ እትዬ። ኮስሞስ ከፍ ሲል ጫፉ ካልተቀነጠበ ወደ ላይ ብቻ ይመዘዛል። ሲቀነጠብ ነው ጎን ጎኑን ቅርንጫፍ የሚያወጣው። የቀሩት አልደረሱም ነበርና እስኪደርሱ እየጠበቅኩ ነው። ከፋብሪካው ከወጣሁ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ችግኝ ጣቢያ ሠርቻለሁ።»

«ፓኬቱ ላይ አልተጻፈም።»

«ፓኬት ላይ ሁሉም አይጻፍም።»

«ታዲያ ለምን ራስሽ አልነገርሽኝም?»

ሴትዮዋ ጀሪካኗን አነሳች። «ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር?»

እትዬ ራጅ ከደረቁት ጫፎች አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችው። ግን ደግሞ በአንድ ንግግር የምትረታ ሰው አይደለችም። «እሺ» አለች፤ «ስድስቱን ቆርጠሻል። የቀሩት ስድስቱ እንዳሉ ይቆዩ። አትንኪያቸው። እናያለን።» የተቀነጠቡት ላይ ቀይ ክር አሰረች፣ ልብስ ፋብሪካ የኖረች ሰው በክር ምልክት ለማድረግ አትቸገርም፤ ከዚያም መጠበቅ ጀመረች።

መጀመሪያ ያበቡት ያልተቀነጠቡት ናቸው። አንድ ማለዳ በረጅሙ አንገታቸው ላይ ነጭ አበባ ጉብ ብሎ ተገኘ፤ ቀይ ክር የታሰረባቸው ግን ገና አረንጓዴ ቁጥቋጦ ናቸው። እትዬ ራጅ ባሏን ከአልጋ ጎትታ አወረደችው። «አየህ? አየህ አይደል? ተንኮሏን አየህ?» ባለ ቁልፏ በዚያ ስታልፍ አይታቸው፣ «እንደምን አደሩ» ብላ ሄደች። ትሕትናዋ እንደገና የእትዬ ራጅን ቆሽት አሳረረ።

በሳምንቱ ዝናብ ከነፋስ ጋር መጣ። ጠዋት ላይ ያልተቀነጠቡት ስድስቱ ቀጫጭን አገዳቸው ተሰብሮና ተጋድሞ፣ አበባቸው ጭቃ ልሶ ተገኘ። ቀይ ክር የታሰረባቸው ግን እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ቀረብ ብላ ስታይ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር የሌለው እንቡጥ። ከአሥር ቀን በኋላ የግንቡ ሥር ሮዝና ወይን ጠጅ ሆነ። መንገደኛ ቆም እያለ ያይ ጀመር።

እትዬ ራጅ ሁለት ቀን ለራሷ ስታጉረመርም ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን ሁለት ኩባያ ሻይ ይዛ ወረደችና የደረጃው መጨረሻ ላይ ተቀመጠች። ባለ ቁልፏ ስትመጣ አንዱን ዘረጋችላት። ሴትዮዋ ኩባያውን ትንሽ ጠርጠር አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ተቀበለችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች እትዬ ራጅ፣ ዓይኗን ከአበቦቹ ሳትነቅል። «ያኔ ... ቁልፎቹ። እውነት ወድቀው ነው የገቡት?»

ባለ ቁልፏ ፉት አለች። «ሦስቱ ወድቀው ነው የገቡት። ሳገኛቸው አማሩኝና አራት ጨመርኩ። የልጄ ቀሚስ ሰባት ቁልፍ ነበር የሚያስፈልገው።»

እትዬ ራጅ ሳቅም ቁጣም መጣባት፤ የትኛውን እንደምታወጣ አላወቀችም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ንጹሕ ሰው አስባርሬ ይሆን እያለች ስትብሰለሰል፣ እውነቱ ግማሽ በግማሽ ሆኖ ተገኘ። «እና እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዛሬ ጠየቁኛ። ያኔ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ዳበሱኝ እንጂ።»

ሻያቸውን ጨረሱ። ቀስ ብላ ባለ ቁልፏ ተነሳችና የጠወለገ አበባ ከነአንገቱ ቆረጠች። «ይሄም እንዲህ በየጊዜው መነሳት አለበት፤ ከቆየ ዘር ይይዝና ተክሉ ማበብ ያቆማል» አለች። እትዬ ራጅ ለአንድ አፍታ ልጠራጠር አልጠራጠር አለች። አራቱን መስረቋን ያመነች ሰው በዚህ ለምን ትዋሻለች ብላ አሰበችና መቀሱን ከቤት አመጣችላት።

ክረምቱ እስኪያልፍ ሁለቱ ሴቶች ጠዋት ጠዋት እዚያ አይጠፉም ነበር። ጓደኛሞች ሆኑ ለማለት ያስቸግራል፤ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ አገዳና ስለ ነፋስ ነው። እትዬ ራጅ አሁንም ሴትዮዋ ስትቆርጥ እጇን ትከተላለች፤ ሴትዮዋም ይህን ታውቃለች፤ መዳፏን ዘርጋ አድርጋ ነው የምትሠራው።

በመጨረሻ አበባው ሲያልቅ ጥቂቶቹን ሳይቆርጡ አደረቋቸውና ዘሩን ለቀሙ። ያን ሰሞን ከመንገዱ ማዶ ያለው የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ መጥቶ፣ «እባክዎ፣ ከዚያ አበባ ዘር ቢያካፍሉኝ፤ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ልዘራው ነበር» አላት። እትዬ ራጅ ወደ ባለ ቁልፏ ዞረች። «ይስጡት እንጂ፤ ሞልቷል» አለቻት ያችኛዋ። እትዬ ራጅም ቆንጠር አድርጋ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ መንገዱን ተሻገረች፤ መድኃኒት ቤቱ ጀርባ ያለው ቦታ ፀሐይ ይግባበት አይግባበት በዓይኗ ሳታይ ሰውዬውን እንዴት ታምነዋለች?