ጋሼ ከመቀመጣቸው በፊት

ታላቅ ወንድሜ የሰቆጣ ማር ጭነው ቆቦ ይወርዱ ነበር። በገቡበት ቤት ሁሉ ከመቀመጣቸው በፊት «እናንተ ዘንድ ወጉ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

«ጋሼ፣ እንደ ልጅ መጠየቅ አያሳፍርዎትም?» ብላቸው ሳቁብኝ።

«ወጣት ሳለሁ የሚያሳድረኝ ሙስሊም ነጋዴ አባቱ ሞቱበት። እንደኛ ወግ ከደጅ ጀምሬ እየጮህኩ ገባሁ። ለካ ሰዉ ጸጥ ብሎ ዱዓ ላይ ነው! ሰውየው አልተቆጣኝም፤ እጄን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠኝና ወጋቸውን በቀስታ አስረዳኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አልቀመጥም። አንተም አንድ ቀን አብረን እንውረድ፣ ከሰው ትማራለህ» አሉኝ።

ትምህርት አለብኝ እያልኩ እንደ ቀረሁ ጋሼ አረፉ።

በመጪው ቅዳሜ ማሩን ይዤ የምወርደው እኔ ነኝ። መንገዱን ሾፌሩ ያውቀዋል፤ ከሰው ደጅ ስደርስ ግን ቀድመውኝ የሚገቡት ጋሼ የሉም።