ኮን ላይ የማይቆም ኮንትራት

እኛ አገር ኮንትራት የያዘ ሰው ጌታ ነው። ባጃጅ በኮንትራት የያዘ ሰው ከፈለገ ዶሮውን ይጭናል፣ ከፈለገ መንገድ ላይ አስቁሞ ለቅሶ ደርሶ ይመለሳል፣ ጎረቤቱን ከደጇ ያነሳል። ሹፌሩ ቢያጉረመርምም ይቆማል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከባጃጅ እስከ ሚኒባስ፣ አንድ ጊዜማ ድንጋይ የሚያመላልስ ገልባጭ መኪና ሳይቀር በኮንትራት ይዣለሁ። አልቆምም ያለኝ ሹፌር አላጋጠመኝም። ስለዚህ የልጅ ልጄን የሚያገባት ልጅ ወንድም ደውሎ "እማማ፣ አውሮፕላን በኮንትራት ይዤላችኋለሁ" ሲለኝ የገባኝ በዚያው በማውቀው መንገድ ነበር።

ሠርጉ ባሕር ዳር ነው። የልጅ ልጄ እዚያ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። እሑዱ ከዐቢይ ጾም በፊት ያለው የመጨረሻው እሑድ ስለሆነ፣ እሱ ካለፈ እስከ ፋሲካ ማግስት መጠበቅ ሊመጣ ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ነበር፤ ለምን እንደተዘጋ አገር ያውቃል። መደበኛው አውሮፕላን ደግሞ በእንግዳ ሞልቷል። የሙሽራው ወንድም ሥራው ከቱሪስት ጋር ስለሆነ ትንንሽ አውሮፕላን ያላቸውን ሰዎች ያውቃል። ራሱ አብሮ መጥቶ ከላሊበላ ሊወስደን ተስማማ። እሱን ጨምሮ ዘጠኝ ወንበር አለ ተባለ።

ስምንቱን ወንበር የማከፋፍለው እኔ ሆንኩ። ማንም አልሾመኝም፤ ግን ሌላ ሰው ቢያከፋፍለው ስለማልስማማ ሁሉም ትቶልኝ ነው። ልጄ፣ ማለትም የሙሽራዋ እናት፣ ባሏ፣ ትልቁ ወንድ ልጄና ሚስቱ፣ የንስሐ አባታችን፣ አንዲት የማኅበር ጓደኛዬ፣ እኔ። ሰባት ሆንን። ለስምንተኛው ቦታ ወንድ ልጄ አንድ ወዳጁን አሰበ። ሰውየው ሆቴል አለው፤ ልጄም ሆቴል አለው፤ ነገሩ ግልጽ ነው።

"የሱ ቦታ ተይዟል" አልኩት።

"በማን?"

"በኮኗ።"

ወዳጁን ተወው። የሚያከራክርም አይደለም። የልጅ ልጄ ስትወለድ እናቷ ክፉኛ ታማ ጡቷ ደረቀ። ያኔ ጎረቤታችን የነበረች አንዲት ልጅ እግር ሴት ወንድ ልጅ ከወለደች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። ሳንጠራት መጣች። ሕፃኗን ከእጄ ተቀብላ አጠባቻት፤ በማግስቱም መጣች፤ ስድስት ወር ሙሉ መጣች። ቀኙን ጡቷን ለልጇ፣ ግራውን ለኛዋ አድርጋ ነበር የከፈለችው። አንድ ቀን የራሷ ልጅ አልጠግብ ብሎ ሲያለቅስ "ከግራውም ትንሽ ስጪው እንጂ" ብላት "ኧረ እትዬ፣ የሷ ነው" አለችኝ። እኔ ስለ እኩልነት ስጮህ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እንደዚያ አድርጎ ሲያካፍል ግን ሰው አይቼ አላውቅም። በኋላ የባሏ ሥራ ወደ ኮን ወሰዳቸው፤ ኮን ከጋሸና አለፍ ብላ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ መንገዱም የተዘጋው ከሷ ወዲያ ነው። የልጅ ልጄ እስከ ዛሬ "እማ" ነው የምትላት።

ደወልኩላት።

"ቅዳሜ ጠዋት ተዘጋጅተሽ ጠብቂን። በአውሮፕላን ስናልፍ ኮን ላይ እናነሳሻለን።"

"አውሮፕላን ይቆማል እንዴ እትዬ?"

"ኮንትራት ነው አልኩሽ'ኮ!"

ደግሞ ከመሬት ተነስቼ አልነበረም። እህል የጫነ ሄሊኮፕተር ሜዳ ላይ ሲያርፍ በዓይኔ አይቻለሁ። የኮን ትምህርት ቤት ሜዳ ደግሞ ሰፊ ነው። ቤተሰቡ "የኮኗ በምን ትመጣለች?" ሲለኝ "የሷን ለኔ ተዉት" አልኩ። ቦታዋን የሚከራከርብኝ ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው ያልተናገርኩት። ያ ነው ስሕተቴ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አውሮፕላን ማረፊያው ደረስን። አውሮፕላኑ ነጭ ነው፤ ከሚኒባስ እምብዛም አይበልጥም። አብራሪው የኛው አገር ልጅ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ትሑት ነው። እንደ ጤና ጣቢያው ያለ ሚዛን አምጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠና "አንድ በአንድ ትመዘናላችሁ" አለን። ሴቶቹ አፈሩ። የወንድ ልጄ ሚስት ጫማዋን አወለቀች።

"አድርጊው" አልኳት። "ባሕር ዳር በባዶ እግርሽ ልትሄጂ ነው?"

የንስሐ አባታችን ተራቸው ሲደርስ መስቀላቸውንና መቋሚያቸውን ለእኔ አስይዘው ሊወጡ ሲሉ መለስኩላቸው።

"አባ፣ እነዚህ በእግራቸው ነው የሚመጡት?"

"አንቺ ሴትዮ፣ መስቀል ይመዘናል?"

"አብሮን የሚሄድ ሁሉ ይመዘናል።"

ሳቁና ይዘውት ወጡ። አብራሪውም ሳቀ፤ ያኔ ነው የወደድኩት። ደምሮ ሲጨርስ ግን ዕቃው በዝቷል አለ። ለሠርጉ የያዝነው ሦስት ጀሪካን የላስታ ነጭ ማር ከጭነቱ ወረደ። ልጄ ከፋት፤ እኔ ግን ሚዛን አይቼ አልከራከርም።

"ስምንት ሰው መዝኛለሁ" አለ አብራሪው ወረቀቱን እያየ። "ዘጠነኛው የት አለ?"

"ኮን ናት።"

"መቼ ትደርሳለች?"

"እኛ ነን እንጂ የምንደርስላት። ሜዳው ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። እግረ መንገድህን አረፍ ብለህ ታነሳታለህ።"

ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳ። "እማማ፣ ኮን'ኮ ማረፊያ የለም።"

"ሜዳ አለ አልኩህ! የትምህርት ቤቱ ሜዳ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ተማሪ የለበትም።"

"ሜዳ ላይ አናርፍም እማማ። ፈቃድ ያስፈልጋል፣ መንደርደሪያ ያስፈልጋል..."

"ታዲያ ይሄ ምኑ ኮንትራት ነው?"

ወንድ ልጄ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ተቆጣ። "እማዬ፣ አሳፈርሽን! አውሮፕላንን እንደ ባጃጅ ወራጅ አለ ልትዪው ነው?" የሙሽራው ወንድም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላወቅኩም። እኔ ግን የሚሳቅ ነገር አልታየኝም። የምትታየኝ ሜዳ ላይ ቀና ብላ የቆመችው ሴት ናት።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ገና ሳልናገር እሷ ቀደመችኝ።

"እትዬ! ድንጋዩን ለቅመን ጨርሰናል። ከብቱንም አስወጥተናል። ሰፈሩ በሙሉ ነው የረዳኝ። በየት በኩል ነው የምትመጡት?"

ፊቴን ከሰዎቹ አዞርኩ።

"ስሚኝ ልጄ። አውሮፕላኑ አይቆምም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ አንድ ሰው "መጣ? መጣ?" ይላል።

"ግድ የለም እትዬ" አለች። "እናንተ ሂዱ። ልጄን ሳሙልኝ።"

"ግድማ አለ! መኪና ፈልጊ። ያገኘሽውን ያዢና ወደ ላሊበላ ነይ፤ ከተማ ሳትገቢ ማረፊያው ላይ ውረጂ። እኔ ሳላይሽ ከዚህ አልነሳም።"

ስልኩን ዘጋሁና አብራሪውን አየሁት። "ስንት ሰዓት ትጠብቀኛለህ?"

ሰማዩን አየ፣ ሰዓቱን አየ። "እስከ አምስት ተኩል። ከዚያ በኋላ ነፋሱም አለቃዬም አይለቁኝም።"

ከኮን እዚያ ድረስ መኪናው ወዲያው ከተገኘ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ካልተገኘ ደግሞ አይደረስም። ወንድ ልጄ ሲያሰላ ቆየና "እንግዲህ ቦታዋ ባዶ ከሆነ፣ ማሩን በሷ ቦታ እንጫን" አለ።

"ማሩ ነው ያጠባት?"

ልጄ፣ የሙሽራዋ እናት፣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። የምትናገረው ነገር እንዳስፈራት አወቅኩ።

"እማዬ፣ ካልደረሰችስ? የምድረው ልጄን ነው። እኔ መቅረት አልችልም።"

"አንቺን ማን ቅሪ አለሽ? አምስት ተኩል ሲሆን እናንተ ትሄዳላችሁ። ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የምቀረውም እኔ ነኝ። እሷ አልቅሳ እኔ እልል ልል?"

"አንቺ ካልመጣሽ ሠርጉ ምን ሠርግ ነው?" አለችና አለቀሰች። አባበልኳት፤ ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም። ለሷም ቢሆን ያ ወተት ምን እንደነበር ከእኔ ይልቅ ራሷ ታውቀዋለች። ኋላ ላይ ተነስታ በሩ ጋ ሄዳ ወደ ጋሸና መንገድ ማየት ጀመረች።

አራት ሰዓት ሆነ። የኮኗ ስልክ አይሠራም። አራት ተኩል ሆነ፤ አሁንም አይሠራም። የንስሐ አባታችን በሹክሹክታ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። የማኅበር ጓደኛዬ ያመጣችውን ቆሎ ለሁሉም አደለች፤ አብራሪውም በእፍኙ ተቀበለ። የሙሽራው ወንድም በስልክ "መጣን፣ መጣን፣ አንዲት ሴት ብቻ ነው የቀረችው" ይላል። ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣው ጩኸት ለእኔም ይሰማኛል። ምስኪን። የሌላ ሰው አያት ናት ያስቸገረችው። ሄጄ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩትና "የወንድምህ ሚስት እንደ እኔ እንዳትሆን ጸልይ" አልኩት። ሳይወድ ሳቀ።

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ አብራሪው አውሮፕላኑን እየዞረ ያይ ጀመር። ሌሎቹ ቦርሳቸውን አነሱ። እኔ ነጠላዬን አጣፋሁና ተቀመጥኩ። የልጅ ልጄን ሠርግ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

በሩ ጋ ከቆመችው ልጄ ጩኸት ሰማሁ። አንድ አይሱዙ፣ የባሕር ዛፍ አጣና እስከ አናቱ የጫነ፣ አቧራውን እያስነሳ መጣ። የፊተኛው በር ሲከፈት ነጭ ቀሚሷ በአቧራ ቡኒ የሆነ ሴት ወረደች። ልጄ ሮጣ አቀፈቻት። ሁለቱም የሚናገሩት አይሰማም። ሹፌሩ ከላይ ሆኖ "ቶሎ በሉ፣ እኔንም አስረፍዳኛለች፤ መንገዱን ሙሉ ንዳ ንዳ እያለች!" ይላል።

"በደህና ደረስሽ?" አልኳት።

"ኧረ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አስጠበቅኳችሁ።"

ይቅርታ የምትለው እሷ ሆነች! አቧራዋን እያራገፍኩ "ዝም ብለሽ ሚዛኑ ላይ ውጪ" አልኳት።

ወጣች። አብራሪው ቁጥሩን አየ፤ ጎንበስ ብሎ ደግሞ አየ። "እማማ፣ ከያዝኩላት ኪሎ በጣም ቀለለች፤ እሷ ከሰው አትቆጠርም እንዴ? አንድ ጀሪካን ማር ይገባል።" ወንድ ልጄ ሳይጠራ ሮጦ አመጣው። ሁለቱን ጀሪካን ለአይሱዙው ሹፌር ከተማ ወስዶ ሆቴሉ እንዲያስቀምጥ ሰጠው፤ ከአንዱ ግማሹን ቀድቶ ቢወስደውም አልጠይቀውም፤ ይገባዋል።

በአውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ሲነሳ እጄን ጨምድዳ ያዘች፣ እኔም ጨመደድኳት። ከዚያ ቀስ እያለች ለቀቀችኝና በመስኮቱ የላስታን ተራሮች ቁልቁል ታይ ጀመር። "እነሆ ገደሉን ሁሉ ሳንወጣ ሳንወርድ" አለች። ከዚያ በጆሮዬ "እትዬ፣ ሰዎቹ ሜዳው ላይ እንደቆሙ ነው ጥያቸው የመጣሁት" አለችኝና ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። የንስሐ አባታችን ዞር ብለው ገላመጡን። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጣናን አየነው።

እሑድ በአዳራሹ ውስጥ ለቤተሰቡ ከፊት ወንበር ተደርድሯል። እሷ ወደ ኋላ ሄዳ ለመደበቅ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለት ጊዜ በቀሚሷ ጎትቼ መለስኳትና በእኔና በልጄ መሀል አስቀመጥኳት። ሙሽራዋ ጉልበት ልትስም መጣች። የአባቷን ሳመች፤ የእናቷን ሳመች። ሦስተኛዋ ጋ ስትደርስ ተንበረከከችና ፊቷን የኮኗ እናቷ ጉልበት ላይ ጥላ ቀረች። አልተነሳችም። ሴትዮዋ እጇን የት እንደምታሳርፍ ጨነቃት፤ ያንን ሁሉ ጌጥ እንዳታበላሽ ፈርታ አየር ላይ ይዛው ቆየች፤ በመጨረሻ ጀርባዋ ላይ አሳረፈችው። ፎቶ አንሺው ሁሉ ካሜራውን አወረደ።

እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ እጠብቃለሁ። የሚገባት ነው፤ ካለ እሷ ሠርግ የለም ብዬ አንድ አውሮፕላን ሙሉ ሰው ያቆምኩ እኔ ነኝ፤ ከእኔ ፊት ያስቀመጥኳትም እኔው ነኝ። ሆኖም የሙሽራዋን ጀርባ እያየሁ ደቂቃ መቁጠር ጀመርኩ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኳት፣ እስከ መቼ ነው አንገቷን የማታነሳው አልኩ በሆዴ።

ሴትዮዋ ታውቀኛለች። እንባዋ እየወረደ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

"ተቆጡ እንዴ እትዬ?"

"ምን ያስቆጣኛል? ይልቅ እንባሽን ጥረጊና ልጂቱን ልቀቂያት" አልኳት። "አሁን ተራው የኔ ነው።" ቀሚሴን አስተካከልኩና ጉልበቴን ገጥሜ ጠበቅኩ።